የአምኃ ሌባ ጣት

አምኃን ያስበላው የጣቱ መዳን ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ "ኧረ ሰርኬ፣ ምን ነካሽ" ይለኛል። ምንም አልነካኝም። ጣቱ ተጣሞ ቢቀር ኖሮ ዛሬም እዚሁ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ "ማግ አቀብይኝ እንጂ፣ ተኛሽ እንዴ" እያለ ሲጨቀጭቀኝ ይውል ነበር። ጣቱ ተቃና፣ አማረ፣ እሱ ሄደ። እናንተ ደግሞ የሐኪም እጅ ይባረክ በሉ።

እኔ ፈታይ ነኝ። ባሌ አምኃ ሸማኔ፣ አባቱ አባባ ወልደ ሥላሴም ሸማኔ፣ የሳቸውም አባት እንደዚያው። የእኛ ሰው ከጋሞ ደጋ መጥቶ ጉለሌ ከሰፈረ ጀምሮ ሥራው እንደተከፈለ ነው፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት መወርወሪያ አትወረውርም፣ ወንድም እንዝርት አይይዝም። እንዝርት ይዞ የታየ ወንድ የሚወጣለት ስም ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ሰሞን ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጌቱ ይባላል። አሁን እንዲህ ስሙን ባዶውን እጠራዋለሁ፣ ያኔ "ጓድ ጌቱ" ነበር፤ ጓድ ሳይባል የቀረ እንደሆነ ፊቱ ይጠቁራል። አምኃና እሱ አንድ ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው። እናቱ ነፍሷን ይማረውና ፈትል ከእኔ እናት ትወስድ ነበር። ሥልጣን ሲይዝ ግን ያንን ሁሉ ረሳው፣ ወይም ረሳሁ ማለት ሳይቀለው አልቀረም።

ይህ ሰው ከሁሉ ነገር አብልጦ በር መዝጋት ይወድ ነበር። እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይነሳና የአዳራሹን የብረት በር ገፍቶ ይዘጋዋል። ውጭ የቀረ ቀረ፤ የዚያ ሰሞን ስኳሩንም ጤፉንም ከቀበሌ ሱቅ አያገኝም። የዚያን እሁድ ማርያም ነበረች፤ አምኃ እንጦጦ ማርያም ለኪዳን ወጥቶ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ተቀምጫለሁ። በሩ ሊገጥም አንድ ጋት ሲቀረው የአምኃ ቀኝ እጅ በስንጥቁ ገባ፣ "ጌቱ፣ እኔ ነኝ" ሲልም ሰማሁት። ጌቱም ሰማው። ሰምቶ ነው በትከሻው የገፋው።

ጣቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሌባ ጣቱ ነው፣ ከመዳፉ ቀጥሎ ያለው አጥንት። በሩን መልሰው ሲከፍቱት አምኃ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ ከደጃፉ ተቀምጧል፤ ጮኸ እንኳ አልልም። እኔ ተነስቼ ልወጣ ስል ጌቱ "ስብሰባ አይረበሽም፣ ሰዓት ይከበር" አለና ንግግሩን ቀጠለ። ስለ ድርና ስለ አንበሳ ነበር የሚያወራው፤ ሸማኔ ተደራጅቶ ማኅበር ሲገባ ያቺን ተረት ያልተረተብን ካድሬ የለም።

አባባ ወልደ ሥላሴ ልጃቸውን ወደሚያውቁት ወጌሻ ወሰዱት። ወጌሻው ቅቤ ቀባው፣ ጎተተው፣ በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ አሰረው። ሰውዬው በእግርና በክንድ የተመሰከረለት ነው፣ አልወቅሰውም። ጣት ግን ሌላ ነገር ኖሯል። ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፣ ሲዘረጋው ደህና ይመስላል፤ እጁን ሲጨብጥ ግን ሌባ ጣቱ ዞሮ መሃል ጣቱ ላይ ይወጣል። አባባ "ይሄማ ምን አላት፣ ዋናው መግጠሙ ነው" አሉ።

ምን አላት! ሸማኔ መወርወሪያውን በድሩ መሃል የሚሰድደው በዚያች ጣት ገፍቶ ነው። የአምኃ መወርወሪያ አቅጣጫ መሳት ጀመረ፤ ክር ይበጥሳል፣ ይቀጥላል፣ መልሶ ይበጥሳል። የሚሠራው ኩታ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆነ። ጥለት ሲጥል የአራዳ ሴቶች ቆመው ያዩለት የነበረ ሰው ነው። ማኅበሩም ከሸማው አንስቶ ጥጥ ተሸካሚ አደረገው። ማታ ቤት ሲገባ እጁን ጭብጥ፣ ዘርጋ፣ ጭብጥ፣ ዘርጋ እያደረገ ጣቷን እንደ ባዕድ ያያታል። አንጀቴ ያረረው ያኔ ነው።

ጎረቤታችን ይርጋለም ሆስፒታል ቁስል ጠራጊ ነበረች። የየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም ሰው ይታከምበታል። ጴንጤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎባቸው በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፣ እኛም እንዳልሰማን እንሆንላታለን። እሷ ናት አንድ ቀን የአምኃን እጅ ያየችና ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሐኪም አለ፣ የጣት አጥንት በብረት ይጠግናል ያለችኝ። ስሙ ዶክተር ጉልላት ይባላል። በፊቱ እርስዎ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታዬን አንስቻለሁ፣ ለምን እንዳነሳሁ ትደርሱበታላችሁ።

ዶክተር ጉልላት ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ፈጣን ነው። የአምኃን እጅ አስጨብጦ አየና ፊቱ በራ፤ ሲፈልገው የኖረውን ነገር ያገኘ ይመስል ነበር። ከመሳቢያው አንዲት ሣጥን አውጥቶ አሳየን። ከጥፍር ብዙም የማትረዝም ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ጠፍጣፋ ብረት፣ ከስንዴ ፍሬ ያነሱ ብሎኖች። አጥንቱን የተጣመመበት ላይ እንደገና ቆርጦ እንደሚያቃና፣ ብረቷን በጎኑ አጋድሞ በብሎን እንደሚያጠብቀው፣ ሥጋውንም መልሶ እንደሚሰፋው አስረዳን። እኔ ፈራሁ። አምኃ ግን ብረቷን በመዳፉ ይዞ አገላብጦ አያት፣ ሥራዋን ወደዳት። ሸማኔ ቀጭን ሥራ ሲያይ አይችልም።

አባባ ወልደ ሥላሴ ሲሰሙ አበዱ። እግዜር የሠራውን አጥንት በብሎን ማጥበቅ፣ ይሄ ማኪና ነው ወይ ሲሉ ዋሉ። ቀርከሃ ያልያዘውን ብረት አይይዘውም አሉ። አምኃ አልሰማቸውም። ክንዱን ብቻ አደንዝዘው ዓይኑ እያየ ነው የሠሩት፤ መሰርሰሪያው ሲዞር፣ ብሎኑ ሲጠብቅ በጆሮው ሰምቶ ነበር። የተጠበሰ አጥንት ይሸትሃል ብለው ያስፈራሩት ሰዎች ውሸታቸውን ነው፣ ምንም አልሸተተኝም አለኝ።

ሲያሰናብተን ሐኪሙ ሁለት ቃል ነገረን። አንደኛው፣ ጣቱ አይታሰርም፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ያጥፈው፣ ይዘርጋው። ብረቱ አጥንቱን ጠፍሮ ስለያዘው ፍርሃት የለም፣ የሚያስፈራው ዝም ብሎ መቀመጡ ነው፤ ጅማቱ ከብረቱ ጋር ይጣበቅና ጣቱ እንደ ችንካር ደርቆ ይቀራል። ሁለተኛው፣ በዓመቱ ተመልሶ ይምጣ፣ ብረቱ ይወጣለታል። እንዲህ ያለ ብረት አገር ውስጥ ገና ብዙ የለም፣ ከአንዱ ወጥቶ ተቀቅሎ ለሌላው ይሆናል፣ ተረኛ ይጠብቀዋል። እሺ ብለን ቃል ገባን።

ቤት ስንገባ ሌላ ጦርነት። አባባ የተሰበረ ይታሰራል እንጂ ይወዛወዛል ወይ፣ ልጄን ልትገዪው ነው ወይ አሉኝ። እኔ ገበያ ስወጣ ጠብቀው በቀርከሃ ያስሩታል፤ ስመለስ እፈታዋለሁ። እሳቸው ያስራሉ፣ እኔ እፈታለሁ። አምኃ መሃል ተቀምጦ "ጣቴን ለሁለት ብትካፈሉት አይሻልም" እያለ ይስቅብናል። ሳቁ ግን እጠፍ እስክለው ነው። ጣቱ አብጦ ድብልብል ብሏል፣ እጠፍ ስለው ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ጣቷ ግን ንቅንቅ አትልም። ባዶ ጣት እጠፍ፣ ዘርጋ ማለት ሰውን ያሰለቻል፤ ሥራ ያልያዘ እጅ አይታዘዝም።

ታዲያ አንድ ቀን ስፈትል እጄን አየሁት። ባዘቶውን የሚስበው፣ ክሩን የሚያከርረው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ማንም ሳያዝዘው። እንዝርቱን አንስቼ ለአምኃ ሰጠሁት። እባብ ያቀበልኩት ይመስል እጁን ሰበሰበ። "ምን ስም ሊወጣልኝ ነው ሰርኬ" አለ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ፣ "አሁን ማን ያይሃል" አልኩት።

መጀመሪያ የፈተለውን ብታዩት! አንዱ ጋ እንደ ገመድ፣ አንዱ ጋ እንደ ሸረሪት ድር። ዕድሜ ልኩን በፈትሌ ላይ ስንት እንከን ሲያወጣብኝ የኖረ ሰው አሁን ሲቀምሰው ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ቀስ በቀስ እብጠቱ ወረደ። ጣቷ መጀመሪያ ትንሽ ዘመም አለች፣ ከዚያ ጎበጥ፣ ከዚያ መዳፉን ነካች። ክሩም እያደር አማረ። ከእኔ የቀጠነ ክር ያወጣ ዕለት ልቃቂቱን አፍንጫዬ ሥር እያዞረ "እሜቴ፣ ሞያ ልልቀቅልሽ?" አለኝ። በዚያ በተዘጋ በር የሳቅነውን ያህል ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

እጁ ግን ልማድ ያዘ። ባዘቶ ባይኖርም አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ይፈትላሉ። ሰው እያወራው፣ ቅዳሴ ቆሞ፣ እንቅልፍ ይዞት ሳይቀር። ከጋቢው ብናኝ ጥጥ ነቅሎ ያከርራታል፣ ክር ያደርጋታል፣ አንድ ነገር ላይ ይጠመጥማታል። እጁን መታ አድርጌ "ተው፣ ሰው ያይሃል" ስለው እንደ መባነን ይልና ይተዋል፣ ወዲያው መልሶ ይጀምራል።

ዶክተር ጉልላት ጣቱን ሲያይ ሊዘፍን ምንም አልቀረው። ተማሪዎቹን ሰብስቦ "ጨብጥ፣ ዘርጋ" ያሰኘዋል፤ እነሱም እየተጋፉ ያያሉ። አምኃ ወደ ሸማው ተመለሰ። መወርወሪያው እንደ ድሮው ውልፍ እያለ ይሄድ ጀመር፣ አባባም በሌላ በኩል ዞረው ለጎረቤት "የልጄ ጣት በብረት ተሠራ" እያሉ ሲኮሩ ሰምቻቸዋለሁ። ለእኔ ግን አንዲት የምስጋና ቃል አላሉም።

ደግ ነገር አይበረክት፣ የውትድርና ኮታ መጣ። ቀበሌው ይህን ያህል ጎረምሳ አምጣ ተባለ፣ ጌቱም የሰፈሩን ልጅ መልቀም ጀመረ። አምኃ ዕድሜው ውስጥ ነው፣ ተጠራ። እጁ የማይሠራ ይመለሳል ይባላል፤ በተለይ ቀኝ ሌባ ጣት፣ ቃታ የምትስበው እሷ ናትና። ሰው ሁሉ ልጁን አንካሳ፣ ደንቆሮ፣ እብድ እያለ ምክንያት ሲፈልግ፣ እኛ ቤት ያንን ሁሉ ያህል ታግለን ያዳንናት ጣት ተቀምጣለች።

ይርጋለም መጥታ ለከፍተኛችን ቀበሌዎች ምልምሎች መርማሪ ሆኖ የተመደበው ዶክተር ጉልላት መሆኑን ሹክ አለችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ከክፍሉ ሲወጣ ጠብቄ ኮሪደሩ ላይ ነገርኩት። ጣቱ አልዳነም ይበሉልን፣ ሌላ አንለምንዎትም አልኩት።

ዞር ብሎ ያየኝን አልረሳውም። "ያቺን ጣት?" አለኝ። "ለተማሪ ሁሉ ያሳየኋትን ጣት፣ አልሠራችም ልበል?"

"ጣቷን ያዳኗት ለሸማው ነው ለጥይት?" አልኩት።

 ሰው ሲያልፍ ቆየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ ይምጣ፣ ምንም ቢሆን እንዳያጥፍ፣ የቀረውን እኔ አውቃለሁ አለ። ይህን ማለቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ጊዜ ምልምል የደበቀ ሰው ራሱ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ይህን አውቅለታለሁ፣ አልክድም። ያን ዕለት እግሩን ብስም ደስ ባለኝ።

እኛም አሁን ደግሞ ጣቷን ማደደር ጀመርን። የሚገርመው አባባ ናቸው፤ ቀርከሃቸውን አውጥተው በገዛ እጃቸው፣ በፍቅር፣ ፊታቸው ፈክቶ አሰሩለት። ያኔ ብትሰሙኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ይላሉ። እኔም የማሠሪያውን ክር አቀበልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።

የምርመራው ዕለት ቀርከሃው ተፈታ፣ ምልክቱ እንዳይታይ በቅቤ አሸነው። አምኃ ጋቢውን ደርቦ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ከተሰለፉት ጋር ተቀመጠ። ጣቷን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አስቀምጧታል፣ አየሁት። እኔን የሴቶች ማኅበር ሻይ እንዳፈላ መድቦኝ ስለነበር ውስጥ ነኝ፤ ምድጃዬ ጥግ ላይ ነው። ጠረጴዛው ኋላ ድምፁ ለስላሳ የሆነ አንድ ሻምበል፣ አጠገቡ ዶክተር ጉልላት። ጌቱ ከበረንዳው እየገባ እየወጣ ስም ይጠራል። ጠዋቱ ረጅም ነበር፣ ብርዱም ከእንጦጦ የሚወርድ ነው፤ በረንዳ ላይ ያሉት ልጆች ሲንሰፈሰፉ ይታየኛል።

የአምኃ ተራ ደረሰ። ዶክተሩ እጁን ያዘ፣ ጣቷን ለማጠፍ ገፋ፣ አምኃ ጥርሱን ነክሶ አደደራት። ሐኪሙ እንደገና ሞከረ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ይህ ጣት ሞቷል። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አልተሳካልኝም" አለ። ያ ሰው ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ምን እንደከፈለበት ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሻምበሉ ጣቷን በዓይኑ ገረፍ አደረጋትና "ይሂድ" አለ። በሆዴ እልል አልኩ። 

አምኃ ሊወጣ ዞር ሲል ጌቱ ከበረንዳ ገባ። ቸኩሎ አልነበረም። ጠረጴዛው ጋ መጣና አንዲት የክብሪት እንጨት ሻምበሉ ፊት አስቀመጠ። እንጨቷ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል፣ ቀጭን፣ እኩል፣ እንከን የሌለበት።  ያን ክር ከሩቅ አውቀዋለሁ።

"ጓድ ሻምበል፣" አለ ጌቱ፣ "ይህን አሁን በረንዳው ላይ ተራ ሲጠብቅ ከጋቢው ጥጥ እየነቀለ የፈተለው ይኸው ሰውዬ ነው። ወንድ ልጅ ሲፈትል አይቼ ስለማላውቅ ነው ዓይኔ የገባው።"

የሸማኔ ሰፈር ልጅ ባይሆን ኖሮ አያስተውልም ነበር። ሌላ ሰው ቢያይ የፈራ ልጅ በጋቢው ይጫወታል ብሎ ያልፈዋል። ጌቱ ግን የእኛው ነው፤ እናቱ ስትፈትል ሥሯ ተኝቶ ነው ያደገው፣ የሚያከርር ጣት ምን እንደሚመስል ከሕፃንነቱ ያውቃል። አምኃም እጁ የሚያደርገውን አላወቀም። ፈርቶ ነበር፣ ሲፈራ እጁ የለመደውን ሠራ። ተራው ደርሶ ሲጠራ ክብሪቷን አግዳሚው ላይ ጥሏት ነው የገባው፣ እንደፈተላትም ትዝ አላለውም።

ሻምበሉ ክሩን ከእንጨቷ ላይ ቀስ ብሎ ተረተረው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ ወደ አምኃ አልዞረም፣ ወደ ሐኪሙ ነው የዞረው። "ዶክተር፣" አለ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ "የሞተ ጣት ይፈትላል?"

ዶክተር ጉልላት አመድ መሰለ።  በአዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ቀጥሎ በር ላይ የሚመጣው መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ እናውቃለን። የእኔ ውሃ ፈልቶ እሳቱ ላይ ይገነፍላል፣ ማንም አላየውም።

አምኃ ሐኪሙን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ቀኝ እጁን አነሳና ጣቷን አጠፋት፣ ዘረጋት፣ ደግሞ አጠፋት፤ ልክ ተማሪዎቹ ፊት እንደሚያደርገው። "እሳቸው አያውቁም፣" አለ። "ያታለልኳቸው እኔ ነኝ።"

እዚህ ጋ ነው አንቱታዬን ያነሳሁት። ያ ሐኪም አንዲት ቃል መናገር ይችል ነበር። ገና ብረት ውስጡ አለ፣ ቃታ ሲስብ ሊሰበር ይችላል፣ ዓመት ሳይሞላው አይሄድም ቢል እውነት ነበር፣ ውሸት እንኳ አልነበረም። አላለም። አቀርቅሮ መነጽሩን ጠረገና "ቀጣይ" አለ። ፈርቶ ነው ይሉኛል። አዎ ፈርቶ ነው፣ እኔስ አልፈራሁም? አልፈርድበትም እላለሁ፣ ማታ ስተኛ ግን እፈርድበታለሁ።

በዚያው ዕለት ጫኑት። ከሰፈር ልጆች ጋር፣ የይርጋለም ወንድም ዋቅቶላም አብሮ። መኪናው ሲነሳ አምኃ ጋቢውን ወረወረልኝ፣ ከዘርፉ ጋ ጥጡ ተነቅሎ ሳስቷል። ጌቱ አጠገቤ ቆሞ "የአገር ጉዳይ ነው ሰርኬ፣ ቂም አትያዥ" አለኝ። በር ዘግቶ ጣቱን ሰበረው፣ ሌላ ሰው ጠገነው፣ ሲጠገን ደግሞ መጥቶ ወሰደው።  ሰፈሩም ስም ሊያወጣ አልዘገየም፤ "አምኃ ፈታዩ" ይሉታል እስከ ዛሬ።

ቤት ደግሞ አባባ አሉ። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ለእኔ እንዳልሆነ አድርገው፣ "ጠማማ ጣት ያለው ሰው ቤቱ ያድራል" ይላሉ። አንድ ቀን አልቻልኩም። ምን አጠፋሁ? የታሰረ ፈታሁ፣ የደረቀ አለሰለስኩ፣ ባሌን ወደ ሥራው መለስኩት፣ ጥፋቴ ይሄ ነው? አልኳቸው። እሳቸው አላኮረፉም፣ አልተቆጡም። አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ቢሉ መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም።

ክረምቱ ወጥቶ ዋቅቶላ አንድ እግሩን ሰሜን ትቶ ተመለሰ። ልጠይቀው ስሄድ ከትራሱ ሥር አንዲት ልቃቂት አውጥቶ ሰጠኝ። አምኃ ለቁስል ከሚሰጠው ጥጥ የፈተለው ነው። እንዝርቱን ከእንጨት ጠርቦ፣ ቁልቁል እንዲከብድለት የጥይት ቀለህ ሰክቶበት ነበር አለ። መጀመሪያ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ኋላ ልብሳቸው ሲቀደድ ክር ስጠን እያሉ ይሰለፉለት ጀመር። አለቃው ደግሞ ጣቱን ይወዳት ነበር፣ ይህች ጣት ለቃታ ነው የተሠራችው እያለ ከፊት ያስቀምጠዋል አለኝ። አንድ ንጋት ላይ ወደ ፊት ተባሉ። ዋቅቶላ ሲመታ አምኃ ከፊቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየውም፣ ያየውንም ሰው አላገኘም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ጌቱ "ግዳጅ ላይ ነው" አለኝ። መርዶ የለ፣ ሰላምታ የለ።

ዓመቱ ሞላ። የብረቱ ቀጠሮ ደረሰ። አባባ የት ልትሄጂ ነው አሉኝ፣ ቀጠሮ አለን አልኳቸው።  ልቃቂቷን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወረድኩ።

ከሐኪሙ ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ናት፣ ሸክሙ ተንዶባት ጣቷ ተሰብሯል። ብረት የሚሰጠኝ ሰው ዛሬ ይመጣል ብለውኝ እየጠበቅሁ ነው አለችኝ፣ ደስ ብሏት።  አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስገባ ዶክተር ጉልላት ከተማሪዎቹ ጋር ነበር። አየኝ፣ ከኋላዬ ያለውን በር አየ፣ ማንም አልገባም። ተማሪዎቹን አስወጣቸው። ተቀመጪ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ለብረቱ ቀጠሮ ሰጥተውን ነበር፣ ቀጠሮ አይፈርስም ብዬ ነው የመጣሁት አልኩት። ወረቀት አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ቆይቶ የጠየቀኝ ነገር ምን መሰላችሁ?

"ጣቱ ይታጠፋል?" አለኝ።

ቋጠሮዬን ፈትቼ ልቃቂቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ይታጠፋል ዶክተር፣" አልኩት። "ይዩት፣ ምን ያህል እንደቀጠነ። ብረቱን ግን አላመጣሁልዎትም። ያለበትን የሚነግረኝ ሰው ሳገኝ አመጣለሁ።"

ልቃቂቷን በሁለት ጣቱ ያዛት፣ የክሩን ጫፍ ፈልጎ ትንሽ ሳበው። አልተበጠሰም። ዓይኑ ቀልቷል። እኔ ዘንድ ትቆይ ይሆን፣ እንድይዛት ትፈቅጃለሽ ወይ አለኝ፣ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ።

"አይሆንም" አልኩት። "የእርስዎ ብረቷ ናት። ይቺ የእኔ ናት።"

ልቃቂቷን ከእጁ ወስጄ መልሼ ቋጠርኳት። ደጅ ያለችው ሴትዮ ተራዋ ነበር። በሩን ከፍቼ ግቢ አልኳት፣ በተሰበረው እጇ በሩን ልትይዝ ስትል እኔ ያዝኩላት፣ ገብታ እስክታልፍ ድረስ።